የኬዳ አውራጃ ሀብት፤ ወተት፣ ትምባሆና ዶቃ

ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የህንድ አውራጃ ነው። አውራጃው ኬዳ ይባላል። የሚገኘው በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት ክፍለ ሀገር ነው። በ1997 አውራጃው ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ኬዳ፣ ሌላው አናንድ ተብሏል። እኛ ግን የጥንቱን አውራጃ በሙሉ ኬዳ እያልን እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ አንድ አውራጃ ሀብት ስንማር ብዙ ጊዜ «ይህ አለው፣ ያ አለው» ብለን እንቆጥራለን። መሬት አለው፣ ከብት አለው፣ ድንጋይ አለው። ቆጠራው ጥሩ ነው። ግን ሌላም መጠየቅ አለብን። ያንን ሀብት የሚመዝነው ማነው? የሚያቀነባብረውስ? ዋጋውን የሚቆርጠውስ ማነው? በኬዳ እነዚህን ጥያቄዎች በሦስት ነገር ላይ እናያቸዋለን።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። የአውራጃው ለም ሜዳ ቻሮታር ይባላል። በአንድ በኩል የማሂ ወንዝ፣ በሌላ በኩል የሳባርማቲ ወንዝ አለ። ሁለቱም የሚፈስሱት ወደ ካምባት ባሕረ ሰላጤ ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ደረቅ ነው። ሩዝ፣ ስንዴና ባጅራ የሚባል ማሽላ መሰል እህል ይበቅላል። ዝናቡ ሲበላሽ ግን ለም መሬትም አያድንም። በ1918 ምርቱ ተበላሽቶ ሳለ የእንግሊዝ መንግሥት ግብር ክፈሉ አለ። ሕጉ ራሱ ምርቱ ከአራት እጅ አንድ እጅ ካልሞላ ግብሩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል ይል ነበር። የኬዳ ገበሬዎች ከጋንዲና ከቫላብባይ ፓቴል ጋር ሆነው አንከፍልም አሉ። እንግዲህ ይህ ሕዝብ በአንድ ላይ እምቢ ማለትን ቀድሞ ያውቀዋል። ይህንን በልባችሁ ያዙት፣ ኋላ ይመጣል።

ከቻሮታር አዝመራ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ትምባሆ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይደቅና ቢዲ ለሚባል ትንሽ ሲጋራ ይሆናል። ቢዲ በወረቀት አይጠቀለልም፤ በዛፍ ቅጠል ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል። የሚጠቀለለው በእጅ ስለሆነ በህንድ አገር ለብዙ ድሀ ሴቶች የቤት ሥራ ሆኗል። ትምባሆ ለሚያጨሰው በሽታ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሚያደርቀውና ለሚደቀውም ብናኙ አይበጅም። ትርፉ የሚገባው መሬትና ማድረቂያ ግቢ ላለው ሰው ነው፤ የቀን ሠራተኛው የቀን ሂሳቡን ይዞ ይሄዳል። ስለ ትምባሆ ይህ ይበቃናል።

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ። እኛ ጎሽ ሲባል የምናውቀው የዱር አውሬ ነው። በህንድ ግን ጎሽ እንደ ላም በቤት ይረባል፣ ይታለባል። ወተቱም ወፍራም ነው። ከ100 ኪሎ የላም ወተት 4 ኪሎ ያህል ቅባት ሲወጣ፣ ከ100 ኪሎ የጎሽ ወተት 7 ኪሎ ያህል ይወጣል። በኬዳ መሬት የሌለው ሰው እንኳ አንድ ጎሽ ካለው የእርሻ ዳር ሣር አጭዶ ሊያኖራት ይችላል።

ነገር ግን ወተት እንደ እህል አይደለም። እህል ዋጋ እስኪወጣለት ጎተራ ይቀመጣል። ወተት ጠዋት ታልቦ በዚያ ሙቀት ቀትር ሳይሆን ይበላሻል። ገዢው ይህንን አሳምሮ ያውቃል። «ዛሬ ዋጋው ይኸው ነው» ቢላት ባለ ጎሿ ምን ትመልሳለች? ይዛው ወደ ቤት ብትመለስ የሚረጋው የሷ ወተት ነው። ስለዚህ ያላትን ሰጥታ የሰጣትን ትቀበላለች።

በ1945 የቦምቤይ መንግሥት ለከተማው ሕዝብ ወተት የሚያመጣ እቅድ አወጣ። ቦምቤይ ዛሬ ሙምባይ የምትባለው ናት። ከኬዳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ወተቱ በባቡር ይሄዳል። ከኬዳ ወተት ሰብስቦ የመላክ መብት የተሰጠው ፖልሰን ለሚባል አንድ የግል ኩባንያ ብቻ ሆነ። ኩባንያው ወተቱን በደላሎች በኩል ያስገዛል። ከተማው ጥሩ ዋጋ ይከፍላል፤ ባለ ከብቱ ጋ ሲደርስ ግን ገንዘቡ መንገድ ላይ ቀልጦ ቀርቷል።

ገበሬዎቹ ወደ አገራቸው ልጅ ወደ ቫላብባይ ፓቴል ሄደው አቤት አሉ። እሱም ወተታችሁን በራሳችሁ ማኅበር ሽጡ፣ ካልተፈቀደላችሁ ግን ለማንም አትሽጡ አላቸው። ጥር 4 ቀን 1946 ሰማርካ በሚባል መንደር ስብሰባ ተደረገ። በየመንደሩ የወተት ማኅበር ይቋቋም፣ የመንደሮቹ ማኅበሮች ደግሞ በአውራጃ ደረጃ አንድ ኅብረት ይኑራቸው፣ መንግሥትም ከዚህ ኅብረት በቀጥታ ይግዛ ተባለ። መንግሥት እምቢ አለ። ገበሬዎቹም ለ15 ቀን አንድ ጠብታ ወተት አልሸጡም። እንዴት ያለ 15 ቀን እንደነበረ ከብት ያለው ያውቀዋል። ጎሽ አድማ አይገባትም፤ ጠዋትና ማታ መታለብ አለባት። ለልጅ የሚሰጠው ተሰጥቶ፣ የሚናጠው ተንጦ፣ የቀረው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ወተት መበላሸቱ ሻጩን የሚጎዳውን ያህል ገዢውንም ይጎዳዋል። ከተማው የትናንቱን ወተት አከማችቶ ዛሬ መጠጣት አይችልም። ቦምቤይ ወተት አነሳት። የከተማው የወተት ሹም ኬዳ ድረስ መጥቶ የገበሬዎቹን ጥያቄ ተቀበለ። ኅብረቱ ታኅሣሥ 14 ቀን 1946 በሕግ ተመዘገበ። ወተት ወደ ቦምቤይ መላክ የጀመረው በ1948 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ማኅበሮች ሁለት፣ የቀኑ ወተትም 250 ሊትር ያህል ብቻ ነበር። ሊቀ መንበሩ ትሪቡቫንዳስ ፓቴል በእግሩ ከመንደር መንደር እየዞረ ማኅበር ያደራጅ ነበር።

ማኅበሩ እንዴት ይሠራል? አባል የሚሆን ሰው አንድ እጣ ይገዛል። አንድ ጎሽ ያለውም አሥር ጎሽ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ጠዋትና ማታ ወተቱን ይዞ ይሰለፋል። በህንድ ሰው በዘር መደብ ተከፋፍሎ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ ይባል የነበረበት አገር ነው። በወተቱ ሰልፍ ግን ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቆማል፣ የሁሉም ወተት በአንድ ማጠራቀሚያ ይቀላቀላል። ከዚያ ወተቱ ይመዘናል፣ ቅባቱም ይመረመራል። ድሮ ከያንዳንዱ ሰው ወተት ጥቂት ተወስዶ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከአሲድ ጋር ይደባለቅ ነበር። ቱቦው በመሣሪያ ውስጥ በኃይል ሲሽከረከር ቅባቱ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቱቦው ላይ እንደ ማስመሪያ መስመርና ቁጥር ነበረ። ቅባቱ የደረሰበት ቁጥር ይነበብ ነበር። ውሃ የጨመረ ሰው የቅባቱ ቁጥር ዝቅ ይልበት ነበር ማለት ነው።

የወተቱ ልክ፣ የቅባቱ ቁጥርና የሚከፈለው ገንዘብ በአባሉ ደብተር ላይ ይጻፍ ነበር። ገንዘቡም ወዲያው በሚቀጥለው ማለብ፣ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ይከፈል ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ነገር የምለው ደብተሩን ነው። ደብተሩን ማንበብ የሚችል አባል ጸሐፊው ቢሳሳት ወይም ቢያታልል ያርመዋል። ማንበብ የማይችል ግን ከደላላ እጅ ወጥቶ ጸሐፊ እጅ ገባ እንጂ ምን ተለወጠለት?

እስቲ አንድ ሂሳብ ሥሩ። አንዲት ሴት ከ100 እጅ 7 እጅ ቅባት ያለው 4 ኪሎ የጎሽ ወተት አመጣች። ሌላዋ ከ100 እጅ 4 እጅ ቅባት ያለው 5 ኪሎ የላም ወተት አመጣች። ማኅበሩ የሚከፍለው በቅባት ነው እንበል። ማን ይበልጥ ታገኛለች? መልሱ ከጽሑፉ መጨረሻ አለ፤ ሳትሠሩ እንዳታዩት።

ኅብረቱ ሌላ ችግር ገጠመው። ጎሽ በብርዱ ወራት ብዙ ትታለባለች፣ በሙቀቱ ወራት ይቀንሳል። ቦምቤይ የብርዱን ወራት ትርፍ ወተት አልወስድም አለች። የተረፈው ምን ይሁን? ማድረቅና ዱቄት ማድረግ ነው። የውጭ አገር ባለሙያዎች ግን የጎሽ ወተት ዱቄት አይሆንም ይሉ ነበር። በ1949 ቨርጊስ ኩሪየን የሚባል ወጣት መሐንዲስ መንግሥት መድቦት አናንድ ከተማ መጣ። ኋላም የገበሬዎቹ ቅጥረኛ ሆነ። ጓደኛው ዳላያ ወተቱን ዱቄት ማድረግ እንደሚቻል በሥራ አሳየ። በ1955 የዱቄትና የቅቤ ፋብሪካው ተከፈተ። ከመሣሪያው የተወሰነውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ሰጠ፤ በምላሹ ለድሀ ልጆች ነፃ ወተት እንዲታደል ተስማሙ። ለምርቱ የወጣለት ስም «አሙል» ነው። ኩሪየን ዕድሜውን ሙሉ ለወተት ሲደክም ኖሮ ራሱ ወተት አይወድም ነበር፤ በ2012 ሞተ።

የፋብሪካው ባለቤቶች ወተት አምጪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ከቅቤውና ከዱቄቱ የሚገኘው ትርፍ ወደነሱ ይመለሳል። የከብት ሐኪም በመኪና እየዞረ ያክማል። በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ተጀመረ። በ1964 ካንጃሪ በሚባል ቦታ የመኖ ፋብሪካ ተሠራ። ፋጉሎን የመሰለ የዘይት ጭማቂ ተረፈ ምርትና የእህል ገለባ ከብት ይበላል፣ ወተት ሆኖ ይመለሳል። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ላል ባሃዱር ሻስትሪ በአንድ የኬዳ መንደር አድሮ ሥራውን ተመለከተ። ከዚህ በኋላ ይህ አሠራር በመላ ህንድ ይስፋፋ ተባለ። ከ1970 እስከ 1996 የተካሄደው ዘመቻ «የወተት ጎርፍ» ተባለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ህንድ በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ጎሿን የምታበላውና የምታልበው ሴቷ ሆና፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የባልየው ስም ነበር። ሰፊ መሬትና ብዙ ሣር ያለውም ብዙ ጎሽ ስለሚያረባ ብዙ ያገኛል።

ከአናንድ ከተማ ወደ ባሕሩ ወረድ ስንል ካምባት የምትባል የጥንት የወደብ ከተማ እናገኛለን። ወደቧን ደለል ደፍኖታል። የዚህች ከተማ ሙያ ዶቃ ነው። ድንጋዩ አጌት ይባላል፤ የሚመጣው ከራታንፑር ማዕድን ነው። ራታንፑር ላይ የባባ ጎር መቃብር አለ። ባባ ጎር ከአፍሪካ የመጣና የአጌትን ንግድ ያስፋፋ ሰው ነበር ተብሎ ይተረካል። በጉጃራት የሚኖሩት የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች ሲዲ ይባላሉ፤ በድሮ ጊዜ «ሀብሺ» ይሏቸው ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ ለናንተ መንገር አያሻም።

ድንጋዩ በፀሐይ ይደርቃል፣ በሸክላ ድስት ሆኖ በእሳት ይጋገራል። በውስጡ ያለው ብረት ሲግል ቀይ ይሆናል። ከዚያ ሠራተኛው መሬት ላይ በተተከለ ሹል ብረት ላይ ድንጋዩን አስደግፎ፣ ከጎሽ ቀንድ በተሠራ መዶሻ እየመታ ይጠርበዋል። ኋላ ይሞረዳል፣ ይሰረሰራል፣ ይወለወላል። በዚያው አቅራቢያ ሎታል በሚባል ቦታ ከ4000 ዓመት በፊት የነበረ የዶቃ መሥሪያ በቁፋሮ ተገኝቷል። የካምባት ዶቃ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገርና ምሥራቅ አፍሪካ ሲሸጥ ኖሯል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሙያ ያለው ሰው ለምን ድሀ ሆነ? ድንጋዩ የሱ አይደለም። ነጋዴው ያመጣዋል፤ ለአንዱ ያስጠርባል፣ ለሌላው ያስሞርዳል፣ ለሦስተኛው ያስበሳል። እያንዳንዱ በሠራው ቁጥር ይከፈለዋል። ዶቃው ስንት እንደተሸጠ አያውቅም። ባለ ጎሿ ቢያንስ ጎሿ የሷ ናት። ደግሞም ዶቃ አይረጋም። የዶቃ ሠራተኞች 15 ቀን ሥራ ቢያቆሙ የሚቸገር ከተማ የለም፤ ነጋዴው ሳጥኑን ቆልፎ ይጠብቃል፣ የሚርበው ሠራተኛው ነው።

ከድህነቱ የባሰ አለ። አጌት ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ከዱቄት የላመ ነው። ከትንፋሽ ጋር ሳንባ ይገባል፣ አይወጣም። ሳንባው እየጠነከረ ይሄዳል፣ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። የሳንባ ነቀርሳም በላዩ ላይ በቀላሉ ይጨመራል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ሞረድ ከመጣ ወዲህ ሥራው ፈጠነ፣ ብናኙም በዛ። ሞረዱ ያለው በመኖሪያ ግቢ ስለሆነ ልጅም ጎረቤትም አብሮ ይተነፍሰዋል።

መከላከያው የታወቀ ነው። ድንጋዩን በውሃ እያረጠቡ መሞረድ፣ ብናኙን የሚስብ ማራገቢያ መትከል፣ ሞረዱን ከመኖሪያ ቤት ማራቅ ነው። ግን ለማራገቢያው ማን ይክፈል? የህንድ የፋብሪካ ሕግ በ1948 ሲወጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቤት 10 ሠራተኛ ካለው ነው ፋብሪካ ያለው። ሦስት አራት ሰው የሚሞርድበት ግቢ ከሕጉ ውጭ ቀረ። ስለዚህ ተቆጣጣሪ አይመጣም፣ ካሣ የሚከፍል አሠሪም በወረቀት ላይ የለም።

የሂሳቡ መልስ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ወተት 280 ግራም ቅባት አለው። የሁለተኛዋ 200 ግራም ነው። 4 ኪሎ ያመጣችው ይበልጥ ታገኛለች።