ያለቀ የመሪ ሳጥን፦ አሮጌ ፒክ አፕ ሲገዙም ሆነ ሲያስጠግኑ

አሮጌ ፒክ አፕ ገዝቶ ለሥራ ማሰማራት በነጋዴው ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ገዥው ሞተሩን ያስነሳል፤ ጭሱን ያያል፤ ሻንሲውን ጎንበስ ብሎ ይመረምራል፤ ጎማዎቹን ይዳስሳል። መሪው ግራና ቀኝ ሲወዘወዝ ግን ሻጭም ደላላም ባንድ አፍ “ቡሎን ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው” ይላሉ፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ይህች አባባል አንዳንዴ እውነት ናት፤ ብዙ ጊዜ ግን ሙሉ የመሪ ሳጥን የሚያስቀይር ወጪ ከኋላዋ ተደብቋል። የዚህ ሳምንት ትምህርታችን ሁለቱን ለይቶ ማወቅን፣ መቀየሩ ግድ ሲሆን ደግሞ ዕቃውን እንዴት መርጦ መግዛትና እንዴት ማስገጠም እንደሚገባ ይመለከታል።

ጉዳዩ አሁን የበለጠ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት በእጅጉ ውድ አድርጎታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ምንዛሪውን ተከትሎ ወጥቷል። ስለዚህ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙው ባለንብረት የግድ ሆኗል።

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንውሰድ። የመሪው ዘንግ የሚገባው በሻንሲው ላይ በታሰረ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጋራዦች ስቲሪንግ ቦክስ ይሉታል። ውስጡ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠመዘዘ ዘንግ አለ። በዚህ ዘንግ ላይ በትናንሽ የብረት ኳሶች እየተንሸራተተ የሚሄድ ትልቅ ዳዶ ተቀምጧል። ዳዶው ጥርስ ያለውን የውጪ ዘንግ ያዞራል፤ የውጪው ዘንግ ደግሞ ከሳጥኑ ሥር ያለውን ክንድ፣ ማለትም ፒትማን አርም የሚባለውን፣ ግራና ቀኝ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሃይሉክስ ትውልድ ግን በራክ ኤንድ ፒኒየን ስለሚሠራ ከዚህ በታች የምንለው እርሱን አይመለከትም።

መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ነው። በመሆኑም የሳጥኑ ጥርሶች የሚያልቁት መሃል ላይ ነው፤ ጫፍና ጫፉ እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ ነጥብ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳል።

ልልነቱ ከየት ነው?

ለብዙ የቶዮታ ሞዴሎች የተፈቀደው የመሪ ባዶ ዙር በመሪው ክብ ጠርዝ ላይ ሲለካ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ካለፈ ሳጥኑን ከመወንጀል በፊት ምርመራ ያስፈልጋል። ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። መኪናው ጎማው መሬት እንደያዘ ይቁም፤ መሪው ፓወር ከሆነ ሞተሩ ይነሣ፤ ማርሹ ባዶ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ጎማዎቹ በታኮ ይደገፉ። አንዱ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በቀስታ ይወዝውዝ፤ ሌላው ከጎን ሆኖ ይመልከት።

ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ እየዞረ ፒትማን አርሙ ዝም ካለ ያለቀው ሳጥኑ ነው። ፒትማን አርሙ እየሄደ ጎማው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ጥፋቱ የቴስቲኒዎቹ ወይም በሌላው ወገን ያለው የረዳት ክንድ ነው፤ እነዚህ ከሳጥን እጅግ ይረክሳሉ። መሪው ዞሮ የሳጥኑ መግቢያ ዘንግ ካልዞረ በመካከል ያለው መጋጠሚያ ልል ነው። ሳጥኑ ራሱ በሻንሲው ላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ወይ ቡሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይ ሻንሲው ተሰንጥቋል። ሻንሲው የተሰነጠቀ መኪና በቅናሽም ቢሆን በችኮላ የሚገዛ አይደለም።

የቡሎኑ ተንኮል

በሳጥኑ አናት ላይ በዳዶ የተቆለፈ አንድ ማስተካከያ ቡሎን አለ። የተሠራው በመጠኑ የላላ ሳጥን እንዲስተካከልበት ነው፤ ማስተካከሉም የሚፈጸመው መሪው ትክክለኛው መሃል ላይ ሆኖ ነው። ክፉኛ ያለቀ ሳጥን በዚህ ቡሎን ሲጠበቅ ግን መሃሉ ላይ ልልነቱ ይጠፋል፤ ያላለቁት ጎንና ጎኑ ደግሞ ይጣበቃሉ። መኪናው ቆሞ ሲፈተሽ መሪው ጥብቅ ይመስላል። መንገድ ላይ ሲወጣና ሲታጠፍ ግን መሪው ይከብዳል፤ ከመታጠፊያው ሲወጣም በራሱ ወደ ቀጥታ አይመለስም። በግድ የተጣበቀ ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይበላል።

ስለዚህ ገዥ ለሙከራ ሲነዳ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይታጠፍ፤ በዝግታ እየሄደ መሪውን ላላ አድርጎ ይዞ መመለስ አለመመለሱን ይመልከት። ቦኔቱን ሲከፍትም ማስተካከያውን ቡሎን ይይ። ሳጥኑ በአሮጌ ቅባትና አቧራ ተሸፍኖ ዳዶው ብቻ አዲስ የቁልፍ ጭረት ካለበት በቅርቡ ተነክቷል ማለት ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደነካው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሳጥኑን ሲገዙ

በገበያው ሦስት ዓይነት ዕቃ ይገኛል፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ አዲስ ቅጂ እና ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ኦሪጅናል። የመጨረሻው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለዓመታት ሲሸጥ የኖረ ነው። ያገለገለ ዕቃ በራሱ ነውር የለበትም፤ ደኅናው ያገለገለ ኦሪጅናል ከደካማ አዲስ ቅጂ ሊበልጥ ይችላል። ጥያቄው ደኅናው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ሳጥን ይዞ መሄድ ይበጃል። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መንገድ የምትነዳ አገር ስለሆነች መሪያችን በግራ ነው። ጃፓንና ኬንያ ግን በግራ መንገድ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ለእነሱ የተሠራ ሳጥን መልኩ ቢመሳሰልም ለእኛ አይሆንም። ከዚህ ሌላ ፓወር ወይም ተራ መሆኑ፣ መኪናው ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ጎማ ነጂ መሆኑ፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት፣ የዘንጎቹ የጥርስ ቁጥር ሁሉ ጎን ለጎን ይመሳከር።

ቀጥሎ ሳጥኑን በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ ያዙሩት፤ ጫፉን ግን አይምቱ። መንገጫገጭ ካለው ኳሶቹ ወይም ኩሽኔታዎቹ ተጎድተዋል። ጤነኛ ሳጥን መሃል ላይ ሲደርስ ጥቂት ይጠብቃል፤ ወደ ጫፍ ሲሄድ ይለሰልሳል። መሃሉ ላልቶ ጫፉ የጠበቀ ከሆነ ወደ ቦታው ይመልሱት። የውጪውን ዘንግ ይዘው ወደ ጎን ሲገፉት የሚነቃነቅ ከሆነ ቦኮላው አልቋል። ፓራኦሊዮ የሚያርፍበት የዘንጉ ክፍል ዝገት የበላው ከሆነም አዲስ ፓራኦሊዮ ቢገባለት እንኳ ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም። በመጨረሻም ደረሰኝ ያስቆርጡ፤ ካልገጠመ የሚመለስ መሆኑንም በጽሑፍ ያስይዙ።

ሲገጠም መታየት ያለበት

ባለንብረቱ ቁልፍ ባይይዝም አጠገቡ ቆሞ ሊያያቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ።

1ኛ. ከመፈታቱ በፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ መሪው ይቆለፍ። በመጋጠሚያውና በፒትማን አርሙ ላይ ከዘንጎቻቸው ጋር የሚያስተያይ ምልክት ይደረግ።

2ኛ. ፒትማን አርሙ በመንቀያ ፑለር ይውጣ። በመዶሻ የሚደበደብ ዘንግ ምቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ በእሳት የተሞቀ ክንድም ጥንካሬውን ያጣል።

3ኛ. አዲሱ ሳጥን መሃሉ በቆጠራ ይገኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ዙር እንደሚሄድ ተቆጥሮ በግማሹ ይመለስ። መሃሉን ስቶ የተገጠመ ሳጥን ወደ አንዱ ወገን ብዙ፣ ወደ ሌላው ጥቂት ይታጠፋል። መሪው ጠማማ ሆኖ ሲገኝ መሪውን ብቻ ነቅሎ ማቃናት ስሕተቱን መሸፈን ነው።

4ኛ. ቡሎኖቹ የአምራቹ መጽሐፍ በሚያዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጥበቁ፤ የመቆለፊያ ፒንና ዋሸር የነበረበት ቦታ ሁሉ በአዲስ ይተካ።

5ኛ. ፓወር ከሆነ የቱቦዎቹ አፍ እንደተፈታ በንጹሕ ነገር ይዘጋ። ከተገጠመ በኋላ ፊቱ በክሪክ ተነሥቶና በቋሚ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ብዙ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙር፤ ዘይቱም ይሞላ። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ አረፋው እስኪጠፋ ይደገም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አላይመንት ማስያዝ አይቀሬ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥም የሳጥኑ ማሰሪያ ቡሎኖች እንደገና ይፈተሹ።

ሒሳቡ

መሪው ልል የሆነ መኪና ሲቀርብ ከዋጋው ላይ የሚቀነሰው የሳጥኑ ዋጋ ብቻ አይደለም። የእጅ ዋጋ፣ ዘይትና ፓራኦሊዮ፣ አላይመንት፣ እንዲሁም መኪናው ሳይሠራ የሚቆምበት ቀን አብረው ይታሰባሉ። በሌላ በኩል ጥፋቱ የቴስቲኒ ብቻ ከሆነ ሻጭም ያለአግባብ ሊቆረጥበት አይገባም። ምርመራው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ስሙን የሚጠብቅ ደላላም ምርመራው ሳይደረግ ውል ለማፈራረም አይጣደፍም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሆን ያዛል። ገዥም ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ የገዛ ሰው በኋላ ለመከራከር ይቸገራል። ስለዚህ መሪው ልል መሆኑ ከታወቀ ማን እንደሚያሠራው በውሉ ላይ ይጻፍ።

በመጨረሻም ይህ ከትርፍና ኪሳራ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ፒክ አፕ መሪው ባዶውን ሲዞር ሹፌሩ የሚያጣው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ሊሆን ይችላል። ያችን ጊዜ የሚከፍላት ግን ባለመኪናው ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር የሚሄደው ሰው ጭምር ነው።