ለመንደር የሚታደል መድኃኒትና ለራስ የሚገዛ እንክብል

ባለፈው የሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉባኤ ላይ ከእስቴ በኩል የመጣ አንድ ወንድማችን ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ «የጤና ሠራተኞች በዘመቻ ጊዜ ያመመውንም ያላመመውንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አሰልፈው መድኃኒት ያድላሉ። እኛ ግን ሲያስለን ከመድኃኒት ቤት ጥቂት ፍሬ ብንገዛ ይቆጡናል። ሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት ከሆነ የትኛው ነው ትክክሉ?» በዕለቱ ሰዓቱ አልፎ ስለ ነበር ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ነገር ግን የእርሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ በየቤታችን ያለ ነው። መልስ ሲያጣም በሁለት ወገን ይጎዳል። አንዳንዱ ሰው የሚታደለውን እንቢ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያልታዘዘለትን እንደ ልቡ ይውጣል።

እንግዲህ አስቀድመን የሚታደለውን እንወቅ። በዘመቻ የሚሰጠው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ይባላል፤ የሚሰጠውም ለትራኮማ፣ ማለትም ብዙዎቻችን የዐይን ማዝ ለምንለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ ዐይናር በሚከተል ዝንብም ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢይዝ ኖሮ ብዙም ባልጎዳ ነበር፤ ክፋቱ መደጋገሙ ነው። በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዐይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ይኮማተራል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ዐይኑን በጨፈነ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፈገፍገዋል። ወረንጦ ይዘው የሚዞሩትን፣ ማታ ማታ ልጆቻቸው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉላቸውን እናቶች የማያውቅ ደገኛ ያለ አይመስለኝም። በሴቶች ላይ የሚበረታውም ከሕፃናት ጋር አብዝተው የሚውሉት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜአቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከመቶ 62.6ቱ በሽታው በዐይናቸው ላይ ተገኝቶባቸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አስቀድሞ በ1990ዎቹ የካርተር ማእከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሥራውን ሲጀምር ደራ፣ እብናትና እስቴን የመሳሰሉት የዞናችን ወረዳዎች ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። መድኃኒቱን የሚሰጠው ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ሲሆን ዋጋ አያስከፍልበትም። ይህ በነፃ መሰጠቱ ራሱ አንዳንዱን ሰው ያጠራጥረዋል፤ «ፈረንጅ ያለ ምክንያት ምን ይሰጣል?» ይባላል። ጥርጣሬውን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከ20 ዓመት በላይ በብዙ አገር ሲሠራበት የኖረ፣ ተቆጥሮና ተመርምሮ የታየ ነው።

ለምን ለሁሉም ይሰጣል? ከአሥር ልጆች ስድስቱ በታመሙበት መንደር አንዱን ብቻ ብናክመው በሳምንቱ ከወንድሙ ይይዘዋል። ደግሞም ተሕዋሱ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም፤ ስለዚህ «እኔ ዐይኔን አላመመኝም» ማለት ተሕዋሱ የለብኝም ማለት አይደለም። በዚህ ሥራ ታማሚው መንደሩ ነው ቢባል ይቀላል። ከነዋሪው ቢያንስ ከመቶ 80ው ካልወሰደ ድካሙ ከንቱ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ፍሬ ነገር እንምጣ። የሚታደለው መድኃኒት ያለ ልክ የሚታደል አይደለም። የልጁ ቁመት በዘንግ ይለካና መጠኑ በቁመቱ ይወሰናል። የሚሰጠው እንደ ደንቡ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ አዚትሮማይሲን በሰውነት ውስጥ ለቀናት የሚቆይ በመሆኑ አንዱ መዋጥ ይበቃል። ሰጪው ፊት ይዋጣል፣ ይመዘገባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለሙያዎች መጥተው የልጆቹን የዐይን ቆብ እየገለበጡ ይቆጥራሉ፤ በሽታው ከመቶ 5 በታች ከወረደ እደላው ይቆማል። ካልወረደ ይቀጥላል፣ ወይም ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። በዞናችን በአንዳቤት ወረዳ መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት ተሰጥቶ በሽታው ግን አልለቅ ስላለ፣ ለትናንሽ ልጆች ደጋግሞ መስጠት ይረዳ እንደ ሆነ በጥናት ተፈትሿል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እደላው የራሱ ዋጋ አለው። ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ የታወቀውም በሩቅ አገር ሳይሆን ከእኛ ዐባይን ተሻግሮ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በተደረገ ጥናት ነው። በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. አንዳንዶቹ መንደሮች መድኃኒቱን ወዲያው እንዲያገኙ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዘግየት ብለው እንዲያገኙ በዕጣ ተለዩ። ከዚያም ሁለት ነገር ታየ።

አንደኛው የሚያስደስት ነው። ዕድሜአቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል መድኃኒቱን ባላገኙት መንደሮች በዓመት ከ1,000 ልጆች 8.3 ሲሞቱ፣ ባገኙት ዘንድ የሞቱት 4.1 ነበሩ። ለዐይን ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት የሳንባ ምችንና ተቅማጥን የመሰሉ በሽታዎችንም አብሮ ሳያበርድ አልቀረም ተብሎ ይገመታል።

ሁለተኛው ግን የሚያሳስብ ነው። በልጆች አፍንጫ ውስጥ የሚኖር፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች የሚያመጣ ኒሞኮከስ የሚባል ባክቴርያ አለ። መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ በተሰጠባቸው መንደሮች፣ ለዚህ ዓይነት መድኃኒት የማይበገር ኒሞኮከስ በአፍንጫቸው የተገኘባቸው ልጆች መጀመሪያ ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ በዓመቱ 46.9 ሆኑ። ባልተሰጠባቸው መንደሮች 9.2 ብቻ ነበሩ። በጉራጌ በተደረገ ሌላ ጥናት እደላው ከቆመ በኋላ ይህ ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ እየወረደ መሄዱ ታይቷል። የትራኮማው ተሕዋስ ራሱ ግን እስከ ዛሬ በተደረጉት ምርመራዎች መድኃኒቱን ለምዶት አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድን መድኃኒት በልክ፣ በምዝገባ፣ ለታወቀ በሽታ እየሰጡ እንኳ መደጋገሙ ብቻ ይህን ያህል የማይበገር ተሕዋስ ካበዛ፣ በየቤታችን ያለ ልክና ያለ ምርመራ የምንውጠው ምን ያደርግ ይሆን? ጤና ሠራተኛው የሚቆጣው ስለዚህ ነው። ሁለቱ አድራጎቶች አይጣሉም፤ የመጀመሪያው ተመዝኖ የተከፈለ ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው ሳይመዘን የሚበተን።

በአነጋገራችንም ላይ አንድ ስሕተት አለ። «ይህ እንክብል አይሠራልኝም፣ ሰውነቴ ለምዶታል» እንላለን። የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም፣ ተሕዋሱ ነው። ሰውነቴ ለመደው የሚል ሰው ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ይመስለዋል። ተሕዋሱ ለመደው ብንል ግን፣ ያ የለመደ ተሕዋስ በሳልና በእጅ ወደ ታናሽ እኅታችንና ወደ ጎረቤት ሕፃን እንደሚሄድ ወዲያው ይገባናል። አሞክሲሲሊን ሳልጨርስ ሻል ሲለኝ ያቆምሁት እኔ እሆናለሁ፣ መድኃኒቱ የማይሠራለት ግን ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከምናያቸው ልማዶች ጥቂቱን ልጥቀስ። የእንክብሉን ቅርፊት ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው፤ አይጠቅምም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ መግዛትም እንዲሁ፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለ ሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ካለፈው ሕመም የተረፈውን መሶብ ሥር አስቀምጦ ለሌላ ሰው ማካፈል ቸርነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ደግሞስ በዚህ አገር «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማን አለ? በየክሊኒኩ የሚደረገው የታይፎይድ የደም ምርመራ ቀድሞ የያዘንንና አሁን የያዘንን አጥርቶ የማይለይ ደካማ ምርመራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ብዙ ሲፕሮ በከንቱ ተውጧል። ስለዚህ «ምርመራው ምን ያህል ያረጋግጣል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ መቀበያችን ይህን ያህል ካልን፣ እንቢ ስለምንልበትም እንነጋገር። ክትባትን መፍራት ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ክትባትም ራሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ በከተማው ገብቶ ነበርና በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ የታመሙትን ልጆች አስታሟል። በአገራችን ከቀላል ፈንጣጣ ታማሚ መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በጥቶ ማስገባት የቆየ ዘዴ ነበር። መክተብ የሚለው ቃላችንም ከክታብ ጋር አንድ ሥር አለው። የአሮጌው ዘዴ ጉድለት፣ የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለ ነበረ የተከተበው ሰው ለሌላው ማስያዙ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር በዓመቱ ከ26,000 በላይ ታማሚዎች በአገራችን ተመዘገቡ። በጎጃምና በጎንደር ደጋ ብዙ ሰው ክትባቱን እንቢ አለ። ምክንያት አልነበረውም አይባልም፤ በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ከያዛቸው መቶ ሰዎች ሁለት እንኳ የማይገድል ቀላሉ ዓይነት ስለ ነበር ሕዝቡ ያን ያህል አልፈራውም፤ የራሱም ዘዴ ነበረው። ሥራው በእግርና በበቅሎ፣ መንደር ለመንደር እየተዞረ፣ እየተለመነም ተሠራ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ከተገኘው የመጨረሻ ታማሚ ወዲህ በኢትዮጵያ ደጋ ፈንጣጣ የያዘው ሰው የለም። ከእናንተ መካከል ፊቱ በፈንጣጣ የተጠቃ እኩያ ያለው አለን?

ዛሬ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ሲጀምር «ያመክናል» ተባለ። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ሲመጣም ይኸው ወሬ ልብሱን ቀይሮ ተመለሰ። ክትባቱ አያመክንም። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ለእርሱ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም ብዙ ጊዜ ማኅፀንን አውጥቶ መጣል ነው። ይህን ለእኅቶቻችን በጊዜ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ወሬው ቀድሞ ደረሰ። እኔ እንደሚመስለኝ የሚጠራጠር ወላጅ መሰደብ የለበትም፤ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስረዳው ይገባል። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ልጆቹ ያ ሰው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ክትባትና አንቲባዮቲክ የሚገናኙበትን አንድ ቦታ ደግሞ ልንገራችሁ። ከላይ ያነሣነው የአፍንጫው ባክቴርያ፣ ኒሞኮከስ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ለሕፃናት ክትባት ይሰጥበታል። የተከተበ ሕፃን በሳንባ ምች የሚያዘው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ የሚፈልገውም ጥቂት ጊዜ ነው። ክትባቱ ከሚከላከላቸው ባክቴርያዎች መካከል መድኃኒት የለመዱትም ይገኙበታልና መድኃኒት ሳይነካ ያሳንሳቸዋል።

ስለ ጠበልም የሚጠይቁ አሉ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዳይተው በግልጽ ተናግረዋል። ያን መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ የሚያስከትለው ጣጣ ከአንቲባዮቲኩ ጋር አንድ ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል።

የቀረው የጾም ነገር ነው። ዘመቻው በጾም ወራት ሲውል ብዙ ምእመናን ከቅዳሴ በፊት ስለሚጠሩ ብቻ ሳይወስዱ ይቀራሉ፤ በባዶ ሆድ የወሰዱትም አንዳንዶቹ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያንንም አይተው ሌሎች ይሸሻሉ። ስለዚህ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀኑን ስታስታውቅ ከእኛ አባላት ሁለት ሦስቱ አስቀድመው ከእርሷና ከደብሩ አባቶች ጋር ተነጋግረው እደላው ከቀትር በኋላ፣ ሰው እህል በሚቀምስበት ሰዓት እንዲሆን ይጠይቁ። ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት የሚዋጠው አይሰጣቸውም፤ ለእነርሱ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ነውና እናቶቻቸው ሕፃን ታቅፈናል ብለው ከቤት እንዳይቀሩ ንገሯቸው።