በጢንዚዛ ላይ የሚሳፈሩ ቅንቅኖችን እንዴት እንለያለን?

ትኩስ እበት ላይ የምትገኝን ጢንዚዛ ገልብጠን በአጉሊ መነጽር ብናያት፣ ብዙ ጊዜ በእግሮቿ መካከል የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ቡናማ ፍጥረታት እናገኛለን። ቅማል ሊመስሉን ይችላሉ። ቅማል ግን 6 እግር ያለው ነፍሳት ነው። እነዚህ አድገው ሲጨርሱ 8 እግር አላቸው፤ አንቴና የላቸውም፤ የሸረሪትና የመዥገር ዘመዶች ናቸው። ቅንቅን ወይም ማይት ይባላሉ።

ለምን ይሳፈራሉ?

ቅንቅን ክንፍ የለውም፤ የሚኖርበት እበት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ጢንዚዛዋ ወደ ትኩስ እበት ስትበር እሱም አብሯት ይሄዳል፤ እንደደረሰም ይወርዳል። ይህ ዓይነቱ ጉዞ በሳይንስ ፎሬሲ ይባላል። ተሳፋሪው እንደ ጥገኛ ተውሳክ የተሸካሚውን አካል አይመገብም።

በምን ይለያሉ?

በአንድ አውቶቡስ የተሳፈሩ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። በአንድ ጢንዚዛ ላይ የተገኙ ቅንቅኖችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ የምንለያቸው በተሸካሚያቸው ሳይሆን በአካላቸው፣ በዕድገት ደረጃቸውና በአያያዛቸው ነው።

1. ማክሮኬሊዴ፦ ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው ያደጉ ሴቶች ናቸው። በአፋቸው መቆንጠጫ ፀጉር ነክሰው ይይዛሉ። እበት ውስጥ የዝንብ እንቁላል ስለሚበሉ ለሰው ይጠቅማሉ።

2. ዩሮፖዲና፦ እንደ ኤሊ ድንጋይ ክብና ጠንካራ ልባስ አላቸው። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሳፈራሉ፤ ከሰውነታቸው በሚወጣ ፈሳሽ ቀጭን ዘንግ ሠርተው ይጣበቃሉ።

3. አስቲግማታ፦ እነዚህም ሳያድጉ ይጓዛሉ። በዚያ ደረጃ የሚሠራ አፍ ስለሌላቸው አይመገቡም፤ በሆዳቸው በኩል ባሉ መምጠጫዎች ይለጠፋሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሜሶስቲግማታ ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ በጎናቸው የመተንፈሻ ቀዳዳ አላቸው። ሦስተኛው ይህ ቀዳዳ የለውም፤ የሩቅ ዘመዳቸው ነው።

መለየቱ ምን ይጠቅማል?

የንብ ጠላት የሆነው ቫሮዋም ከሜሶስቲግማታ ወገን ነው። እሱ ግን ተሳፋሪ ብቻ አይደለም፤ ንቧን ይመገባል፤ በእጭ ክፍሎች ውስጥም ይራባል። በኢትዮጵያና በኬንያም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1904 በጃቫ ደሴት ከተገኘ ቅንቅን ጋር አንድ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ «ቫሮዋ ጃኮብሶኒ» ሲባል ቆየ። በ2000 ግን የማር ንብን በዓለም ዙሪያ የሚያጠቃው ሌላ ዝርያ መሆኑ ታውቆ «ቫሮዋ ዴስትራክተር» ተባለ። ስሙ ከመስተካከሉ በፊት ስለ አንዱ የተጻፈው ብዙ ጥናት በእርግጥ የሌላው ነበር። ጠላትን ለመከላከል መጀመሪያ ማንነቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጠቃሚውንም በጥርጣሬ እንዳናጠፋ የሚረዳን ይኸው ነው።

መልመጃ

ሀ. ቅንቅንን ከቅማል የሚለዩ 2 ነገሮችን ጥቀሱ።
ለ. አፍ የሌለው ተሳፋሪ ጢንዚዛዋን ሊመገብ ይችላል? አብራሩ።
ሐ. ናሙና ስትሰበስቡ ቦታውን፣ ቀኑንና ተሸካሚውን መመዝገብ ለምን ያስፈልጋል?