ኩበት ወይስ ፍግ?

እንደሚታወቀው እበት ለአፈር ጥሩ ምግብ ነው። ሆኖም በሰሜኑ ደጋ ማገዶ ስለሚያጥር እበቱ ተጠፍጥፎና ደርቆ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ እንደ ፖታሲየም ያለው ማዕድን ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። በአንጻሩ በጉራጌና በሲዳማ እበቱ ፍግ ሆኖ ወደ እንሰቱ ጓሮ ይወጣል። ሰፊው የእንሰት ቅጠልም የዝናቡን ምት ያበርዳል። ያው ጓሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያበላል።

ታዲያ ገበሬውን "ኩበት አታንድድ" ብሎ መምከር ብቻውን ምን ይፈይዳል? እራቱ በምን ይብሰል? መጀመሪያ ማገዶው ይታሰብ፦ በአጥር ዳር ዛፍ መትከል፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ባዮጋዝ። ባዮጋዝ እኮ ጋዙን ለምድጃ ሰጥቶ፣ ናይትሮጅን ያለበትን ዝቃጭ ለማሳ ይመልሳል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች መስክ ስንወጣ ማሳውን ከመለካታችን በፊት ምድጃውን እንይ።