የጫማ ዲዛይነር ሙያ ምንድን ነው?

በዛሬው «ሙያን እንወቅ» ዓምዳችን ስለ ጫማ ዲዛይነር እንማራለን።

የጫማ ዲዛይነር ማለት ጫማው ከመሰፋቱ በፊት ቅርጹን አስቦ በወረቀት ላይ የሚነድፍ፣ ቆዳውንና ሶሉን የሚመርጥ ባለሙያ ነው። ንድፉ ሲያልቅ ቆዳው በልኩ ይቆረጣል፤ ይሰፋል፤ ፎርማ በሚባለው እግር መሳይ ነገር ላይ ይወጠራል፤ በመጨረሻም ከሶሉ ጋር ይያያዛል።

በዚህ ሙያ በዓለም ከታወቁት አንዱ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ቦኒቶ በምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከ14 ልጆች 11ኛው ነበር። ጫማ ሰሪ መሆን ሲፈልግ ወላጆቹ «ይሄማ የተናቀ ሥራ ነው» ብለው ከለከሉት። 9 ዓመት ሲሆነው ግን እህቱ ለቤተ ክርስቲያን በዓል የምታደርገው ጫማ አጣች። ሳልቫቶሬ ከሰፈሩ ጫማ ሰፊ ዕቃ ለምኖ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። ከዚያ በኋላ ወላጆቹ እሺ አሉት።

በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ ለፊልም ተዋንያን ጫማ ይሠራ ጀመር። ጫማዎቹ ያምራሉ፤ ግን እግር ያማሉ። ታዲያ ለምን ይሆን? መልሱን ለማግኘት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ሰው አካል አሠራር ተማረ። ስንቆም የሰውነታችን ክብደት የሚያርፈው በውስጥ እግራችን ጎባጣ ክፍል ላይ ነው ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ያንን ቦታ የሚደግፍ ቀጭን ብረት በጫማው ውስጥ ማስገባት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገሩ ተመልሶ በፍሎረንስ ከተማ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ እኛንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ወረረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ጥሩ ብረት ጠፋ፤ በፌራጋሞ ጫማ ውስጥ ያለው ብረትም ይሰበር ጀመር። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ከተረከዙ እስከ መሃል እግር ያለውን ቦታ በቡሽ ሞላው። ዛሬ ሴቶች የሚያደርጉት ሙሉ ታኮ ጫማ በዘመናችን የተስፋፋው ከዚህ ሥራው በኋላ ነው።

የእኛዋ ቤተልሔም ጥላሁንም ያላትን ነገር መጠቀም አውቃበታለች። በ1997 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በአያቷ ቦታ ላይ፣ በ5 ሠራተኞች ሶልሬበልስ የተባለውን ድርጅት ጀመረች። ሶሉን እንደ በረባሶ ከአሮጌ ጎማ፣ ላዩን ደግሞ በእጅ ከተፈተለ ጥጥና ከቆዳ አሠራች። ጫማዎቹ ብዙ አገር ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከዓለም ወጣት መሪዎች አንዷ አድርጎ መረጣት።

እኛስ ምን እንማራለን?

1ኛ. ሙያ አይናቅም። በአገራችን «ፋቂ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ለስድብ ይውላል። ቆዳ የሚፍቅ ሰው ባይኖር ግን የቆዳ ጫማ ከየት ይመጣል? የቆዳ ሠራተኛ ልጅ የሆነ ጓደኛችን በዚህ ቃል ሲሰደብ ዝም ብለን አንለፍ።

2ኛ. ቆዳ ሀብት ነው። በፎገራ ከብት የምንኮራ ሰዎች ቆዳውንም እንጠብቅ። ሲገፈፍ በቢላዋ ከተበጣ ወይም ሳይጨው ከዋለ ዋጋው ይወድቃል። እከክ የያዘው በግ ቶሎ ካልታከመም ቆዳው ይበላሻል።

3ኛ. ዲዛይን ችግር መፍቻ ነው። የሩዝ ገበሬ ክረምቱን ሙሉ ውሃና ጭቃ ውስጥ ይውላል። ብልሃርዝያ ደግሞ በተበከለ ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ከባድ ቦቲ ጭቃው ይይዘዋል፤ ባዶ እግር ለበሽታ ያጋልጣል።

መልመጃ

ሀ. ፌራጋሞ ስለ ሰው አካል የተማረው ለምንድን ነው?
ለ. ፌራጋሞንና ቤተልሔምን ምን ያመሳስላቸዋል?
ሐ. ከጣራ ገዳም ዳገት ወርዶ ሩዝ ማሳ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚሆን፣ ቀላል፣ ውሃ የማያስገባና ጭቃ የማይዘው ጫማ በደብተራችሁ ንደፉ። ከምን እንደሚሠራም ከሥዕሉ ሥር ጻፉ። ለክበባችን የሰጣችሁትን ንድፍ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

እስከዚያው ደህና ሁኑ!