የእናት ጠገራ ብር ስንት ያወጣል?

ዛሬ ቡናና ጤፉን ለአፍታ ትተን ስለ ብር እናውራ፤ የምንመነዝረውን ሳይሆን አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን። በውስጥ መስመር ጥያቄው በዝቷል።

ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው፣ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሁሉም ግን ንጹሕ አይደለም፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ነው ብር፣ ቀሪው ባብዛኛው መዳብ። ንጹሑ 23.4 ግራም መሆኑ ነው። ቡና ስንገዛ እርጥበቱን እንደምንቀንሰው በሉት። የዓለም ዋጋ የሚጠራው ደግሞ በትሮይ አውንስ፣ ማለትም በ31.1 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ጠገራ ሦስት ሩብ አውንስ ያህል አለው።

ለስሌት ብቻ ንጹሑ በግራም 100 ብር ነው እንበል። ጠገራው 2,340 ያወጣል። ነጋዴው 1,700 ቢላችሁ ወዲያው ሌባ አትበሉት፤ የማቅለጫ ወጪ አለበት፣ እስኪሸጠው ዋጋ ሊወርድበት ይችላል፣ ትርፍም ይፈልጋል። ጠቀም ያለው ትርፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በማቅለጫ ዋጋ የገዛውን ሳያቀልጥ ለጌጥ ወይም ለሰብሳቢ አስበልጦ ሲሸጠው። ያልተበሳ፣ ምስሉ ያልጠፋ ጠገራ ከያዛችሁ "ልታቀልጠው ነው ወይስ እንዳለ ልትሸጠው?" በሉት። 1780 የሚለውን አይታችሁ ግን አትጓጉ፤ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ነው የያዙት።

መስቀል፣ አምባርና ድሪ እንደ አንጥረኛው ነው፣ ጥራቱ ይለያያል። ፊታችሁ ይፈተሽ፣ ክሩና ድንጋዩ ወጥቶ ይመዘን። ሦስት ቤት ሳትጠይቁ አትሽጡ፤ ዋጋም ቀድማችሁ አትጥሩ።

ነገ ጠዋት በጅማ ቡና እንገናኝ።