ቫይረስ የያዘው ቦሎቄ፦ ገለባው ለመኖ፣ ፍሬው ለዘር ሲገዛ

ፍየል ኪያማይኮ አራግፎ ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ የሚመለስ ነጋዴ ከኒያማኪማ የእህል መደብሮች ቦሎቄ ሊጭን ይችላል፤ በመንገዱም ከገበሬ የቦሎቄ ገለባ ለመኖ ይገዛ ይሆናል። ማሳው ላይ ቅጠሉ ተጨማዶ ቢጫና አረንጓዴ ዥጉርጉር ሆኖ ካየ መጀመሪያ የሚያሳስበው «ፍየሎቼን ያሳምምብኝ ይሆን?» የሚለው ነው።

አያሳምምም። የቦሎቄ ሞዛይክ ቫይረስ ተክል እንጂ እንስሳ አይይዝም። ለእንስሳ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው፤ ሳይደርቅ ታስሮ የሻገተ ገለባ የቱንም ያህል ቢረክስ አይጫን። ገበሬው ክሽክሽ ለማጥፋት ኬሚካል ረጭቶ ከሆነም ምን እንደረጨና መቼ እንደረጨ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ቫይረሱ ነጋዴውን የሚያገኘው በኪሱ በኩል ነው። 40 ፍየሎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በቀን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ መኖ ይበላሉ። ከዚህ ውስጥ 300 ግራሙ የቦሎቄ ገለባ ቢሆን በቀን 12፣ በ30 ቀን 360 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ተክሉ ቀጭጮ የገበሬው ገለባ በግማሽ ቢቀንስ 180 ኪሎ ግራሙ በዕለቱ ገበያ ዋጋ ይሟላል። ስለዚህ ገለባን በማሳ ስፋት ተዋውሎ ቀብድ ከመክፈል በሚዛን መግዛት ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የዘሩ ነገር ነው። ለወጥ ተብሎ የተጫነ ቦሎቄ ድንበር ላይ በጣሳ ሲሸጥ ገዢው ይዘራዋል። ቫይረሱ በፍሬው ውስጥ ይሻገራል፤ የታመመውም ፍሬ ብዙ ጊዜ ከጤነኛው በዓይን አይለይም፤ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ከበቀለ በኋላ ክሽክሽ ቀምሶት በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጎረቤቱ ተክል ያደርሰዋል። ክሽክሹ መርዙ ሳይገድለው በፊት ቫይረሱን ስለሚያስተላልፍ መርጨት እምብዛም አይረዳም። የሚረዳው ንጹሕ ዘር፣ የታመመውን ችግኝ በጊዜ ነቅሎ ማስወገድና የሚቋቋም ዝርያ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የዚህ ቫይረስ ዘመድ የሆነና ተክል የሚያጠቁር ሌላ ቫይረስ አለ፤ ተራውን ሞዛይክ የሚቋቋሙ አንዳንድ ዝርያዎች እሱ ሲያገኛቸው ሥራቸው ጠቁሮ ይደርቃሉ። ሻጩ «ይቋቋማል» ሲል የትኛውን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁሉም የጥራጥሬ ቫይረስ በዘር አይሄድም። በኢትዮጵያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በሳይንስ ጽሑፍ የተዋወቀው፣ ሽምብራን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨው ቫይረስ የሚዛመተው በክሽክሽ ብቻ ነው። የሽምብራ ጆንያ ይህን ቫይረስ ድንበር አያሻግርም፤ የቦሎቄ ጆንያ ግን የራሱን ያሻግራል።

ዘር መነገድ የሚፈልግ የተረጋገጠ ዘር ገዝቶ፣ ከኬንያ የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከኬፊስ የጤና ምስክር ወረቀት አውጥቶ ይጭናል። የምግብ ቦሎቄ የጫነ ደግሞ ለሚሸጥለት ቸርቻሪ ለዘር እንዳልሆነ ይንገረው፤ ጆንያው ላይም ይጻፍበት።